ሰባቱን ሰዓት ይዘህ ና

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣ ጎንደር

እንደምን ሰንብተሃል? የእምዬ ጉልበት ተሻላት? አባባስ ደህና ናቸው? እኔ ሥላሴ ይመስገኑ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ስለ ካፖርቱና ስለ ጫማው በስልክ ተነጋግረን ጨርሰናል። ይህን ስለ ጸሎት ሰዓት የምልህን ግን በወረቀት የጻፍኩት ወደዚህ ለሥራ ስትመጣ ይዘኸው እንድትመጣ ብዬ ነው። እምዬ «እዚያ ሲሄድ ጸሎቱን ይተዋል» የሚል ስጋት እንዳላት አውቃለሁና ለእሷም አንብብላት።

ጎንደር ሳለህ የጸሎትን ሰዓት የሚጠብቅልህ ሌላ ነው። የኪዳኑ ደወል ይቀሰቅስሃል፣ አባባ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ትሰማለህ፣ በመንገድ ስታልፍ በየደጀ ሰላሙ ሰው ቆሞ ሲሳለም ታያለህ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር የረሳ ሰው እንኳ ሳይወድ ያስታውሳል። እዚህ ያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀራል። ሰው ጸሎት የሚተወው እምነቱ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አስታዋሹ ሲቀር በቦታው ምንም ስላላቆመ ነው። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት ማቆም ያለብህን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት የንስሐ አባታችን ዘንድ ሂድ። «ልሄድ ነው፣ ይባርኩኝ» ብለህ ብቻ አትመለስ። ሥራህ ፈረቃ እንዳለው፣ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር እንደምትጋራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በባቡር የሚኬድበት እንደሆነ ዘርዝረህ ንገራቸው። ከዚያ ሦስት ዓይነት ሥርዓት እንዲሰጡህ ለምናቸው፦ አንዱ ለዕረፍት ቀን፣ አንዱ ለሥራ ቀን፣ አንዱ ለመንገድና ለሕመም። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። አንድ ሥርዓት ብቻ ያለው ሰው ያን ሥርዓት መፈጸም ያቃተው ቀን ምንም ሳይጸልይ ይተኛል። ሦስት ያለው ግን ወደ ትንሹ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። የሰጡህን በወረቀት ጻፈው፤ በቃል የተያዘ ሥርዓት በድካም ቀን ይቀንሳል፣ በጸጸት ቀን ደግሞ ያለ ልክ ይጨምራል።

ሰባቱን የጸሎት ሰዓት ታውቃቸዋለህ፤ ዳዊት በ118ኛው መዝሙር «ሰባት ጊዜ በቀን» ያለው ነው። እዚህ ግን ሥራውም ባቡሩም በ24 ሰዓት ቁጥር ነውና ስልክህ ላይ እንዲህ ሙላቸው፦ ነግህ 06:00፣ ሠለስት 09:00፣ ቀትር 12:00፣ ተሰዓት 15:00፣ ሰርክ 17:00፣ ንዋም 21:00፣ መንፈቀ ሌሊት 00:00። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው ከ07:00 እስከ 18:00 ድረስ 6 ትቀንሳለህ፣ ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት 18 ትቀንሳለህ። ማንቂያው የአካባቢውን ሰዓት ተከትሎ ይሄዳልና የጎንደርን ሰዓት አትከተል። የጎንደር ንጋት 12 ሰዓት አሁን እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በቤተሰቡ ሰዓት ልነሣ ብሎ የጀመረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው እንቅልፍ ያሸንፈዋል።

በፀሐይም አትመራ። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ እዚህ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፣ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ካለፈም ብርሃን ነው። «ሲነጋ እጸልያለሁ» ያለ ሰው በታኅሣሥ ሥራ ቦታ ይነጋበታል፤ «ሲመሽ» ያለውም በሰኔ ሳይመሽለት እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንዱን ሰዓት ግን ከቤተሰቡ ጋር እናድርገው፤ ይህን እምዬ ትስማ። ጎንደር ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ አሁን 19:00 ነው። በፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ ጀርመኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያደርጉት 20:00 ይሆናል። ባለፈው እሑድ ወደ ኋላ መልሰውታልና ልዩነታችን አሁን ሁለት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ እናንተ በቤት፣ እኛ እዚህ አቡነ ዘበሰማያትን እናድርስ። ስልክ መደወል አያስፈልግም። መስመር ሲቆራረጥ ጸሎቱ ወደ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይለወጣል።

በየሰዓቱ ስለሚባለው አባታችን ይወስኑልህ። ለሥራ ቀን የሚሆን ነው ብዬ የማምንበትን ግን ልጻፍልህና አሳያቸው። ነግህ ላይ ታጥበህ፣ ነጠላ ለብሰህ፣ በስመ አብ ብለህ አማትበህ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። የአንዱ ቀን ከሌላው ይረዝማልና 15 ደቂቃ መድብለት። ሰኞ «ፈቀደ እግዚእ»፣ ማክሰኞ «አክሊለ ምክሕነ» እያለ ስለሚሄድ ውዳሴ ማርያም ቀኑንም ያስቆጥርሃል። ፈረቃ የሚሠራ ሰው ዕለቱ ዓርብ ይሁን ቅዳሜ የሚጠፋበት ጊዜ አለና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት ሥራ ላይ ይውላሉ፤ ለእነሱ አቡነ ዘበሰማያትና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ ይበቃል። መቁጠሪያ ማውጣት በማይቻልበት ቦታ በአውራ ጣትህ የአራቱን ጣቶች አንጓ ቁጠር፤ ሦስት ሦስት ስለሆኑ 12 ይሞላሉ። 41 ማለት ስትፈልግ እጅህን ሦስት ጊዜ ዞረህ 36 ትልና አምስቱን የጣት ጫፎች ትጨምራለህ። ሰርክ ላይ መዝሙር 140፣ ንዋም ላይ መዝሙር 4 እና 90። መንፈቀ ሌሊትን በማንቂያ አትጥራው። በራስህ ከነቃህ ተነሥተህ አማትብና አቡነ ዘበሰማያት በል። ጠዋት ማሽን የሚነካ ሰው እንቅልፉን በገዛ እጁ መቁረጥ የለበትም።

ስለ ቀትር አንድ ነገር ልጨምር። ጌታችን የተሰቀለበት ሰዓት ነውና ከሥራ ሰዓቶች አንዱን ብቻ መጠበቅ የቻልክ ቀን እሱን ጠብቅ። እዚህ አገር ከ6 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ የ30 ደቂቃ ዕረፍት በሕግ አለው፤ በ15 በ15 ደቂቃ ሊከፈልም ይችላል። ከምግቡ ላይ 3 ደቂቃ ብታነሣ የሚጎዳ የለም። የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትም ቀትር ላይ ይደውላሉ፤ የእኛ ደወል ባይሆንም ሰዓቱ ያው ነው፣ ለማስታወሻ ይሁንህ። መጸዳጃ ቤት ገብተህ ግን አትጸልይ። ሰው ያየኛል ብሎ እዚያ መደበቅን የለመደ ብዙ ነው። ከሕንጻው ውጭ እየተራመዱ በልብ ማለት ከዚያ ይሻላል።

የሌሊት ፈረቃ ሲደርስህ ሁሉም ይገለበጣል። ያን ሳምንት ሁለት ምሰሶ ብቻ ትከል፦ ከእንቅልፍህ ስትነሣ የነግሁን፣ ልትተኛ ስትል የንዋሙን፣ የሰዓቱ ቁጥር የትም ይሁን። መንፈቀ ሌሊት ያን ጊዜ ነቅተህ ነህና በዕረፍትህ አድርሰው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው የማያገኘው ሰዓት ነው።

አባባ ዳዊቱን በዕለት በዕለት ከፍለው እንደሚደግሙት፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 እያሉ መሄድ ለደመወዝተኛ ይከብዳል። አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ በቀን ከደገምክ በ15 ቀን ይፈጸማል፤ ሦስት ሦስት ከሆነ በ50 ቀን። ከሦስት አትጀምር ብዬ እለምንሃለሁ። በቀን አንድ ጀምር፣ አምስት ወር ይፈጃል፣ ግን አይቋረጥም። 118ኛው ላይ ስትደርስ 176 ቁጥር ስለሆነ በአንድ ቀን አትግፋው። በአሌፍ፣ በቤት፣ በጋሜል የተከፈለ ነውና አንዱን ፊደል፣ 8 ቁጥር፣ በቀን እያልህ በ22 ቀን ጨርሰው።

በስልክ የምታነብ ከሆነ ቁጥሩን ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ የውጭ መጽሐፍ ቅዱሶችና መተግበሪያዎች ከእኛ ቁጥር አንድ ይጨምራሉ። ከ10 እስከ 112፣ እንደገናም ከ116 እስከ 145 ድረስ እንዲህ ነው። የእኛ 50 እዚያ 51፣ የእኛ 90 እዚያ 91 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ንስሐ ልግባ ብሎ 50ን ሲከፍት ሌላ መዝሙር ያገኛል።

ምሥራቅን ለማግኘት የስልኩን ኮምፓስ 90 ላይ አድርግ። የብረት አልጋና የግድግዳ ማሞቂያ መርፌውን ያሳስቱታልና ከክፍሉ መሐል ቆመህ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ አዙረህ ለካ። የፀሐይን መውጫ አይተህ አትወስን። በጎንደር ፀሐይ ከትክክለኛው ምሥራቅ ብትርቅ 24 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እዚህ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ 38 ዲግሪ ያህል ትሸሻለች። አንዴ ለክተህ ትንሿን የሥላሴ ሥዕል በዚያ በኩል አስደግፋት። ምስማር አትምታ፣ የኪራይ ግድግዳ ነው።

ዕጣን አታጭስ፣ ጧፍም አታብራ። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮኻል፣ ሕንጻው ሁሉ ከእንቅልፉ ይነሣል። በፌስታል ሸፍኖ ማጠን ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ እሳት ቢነሣ የሚነግራችሁ አይኖርም። ማጠኑ የካህናት ነው፣ ለአንተ የተሰጠህ የ140ኛው መዝሙር ቃል ነው፤ ጸሎቴ እንደ ዕጣን ይቅረብልኝ ይላልና። ስግደትም በጋራ ቤት በዝግታ ይሁን። ከ22:00 እስከ 06:00 ድረስ የጸጥታ ሰዓት ስለሆነ ከታች ያለው ጎረቤት ጉልበትህን ይሰማል። ወፍራም ፎጣ አንጥፍ። ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳም እንደማይሰገድ ማንም እዚህ አያስታውስህምና ራስህ ያዘው። ክፍል ለሚጋራህ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ጠዋት 15 ደቂቃ እጸልያለሁ» ብለህ ንገረው። ያልተነገረው ይገረማል፣ የተነገረው ራሱ ዝም ይልልሃል።

ለአውሮፕላኑ፦ ውዳሴ ማርያሟን ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ከላይ በሚሰቀለው ሻንጣ አትክተታት። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የሌሊት በረራ ነው፣ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። መቆም ደንብ ቢሆንም እዚያ ተቀምጠህ በልብህ በል፤ መተላለፊያ ላይ ቆመህ ሰው አታስጨንቅ። ስልክህ ላይ የምታነበውን ሁሉ ቦሌ ሳትደርስ አውርድ። ስታርፍ ሰዓቱ በሁለት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያደረስከውን አትድገም፣ በአካባቢው ሰዓት የሚቀጥለውን ያዝ። የክር ማዕተብ በፍተሻ አይጮኽም። የብረት መስቀል ካለበት ፈትሸው ይመልሱልሃል፣ አትደንግጥ። ፋብሪካ ውስጥ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር በማሽን እንዳይያዝ ሊከለክሉህ ይችላሉ። አትከራከር፣ አትበጥሰውም፤ በመርፌ ቁልፍ ከውስጥ ልብስህ ጋር ይያዝ እንደሆነ አለቃውን ጠይቅ።

ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸውን ሁለት ነገሮች ደግሞ ልብ በል። አንደኛው ዕዳ ማጠራቀም ነው። ማክሰኞ ያለፈውን ረቡዕ ላይ እከፍላለሁ ይላል፣ ሐሙስ የሦስት ቀን ይሆንበታል፣ ዓርብ ሁሉንም ይተዋል። ያለፈው አልፏል፤ ለንስሐ አባትህ ትናገረዋለህ እንጂ አታከማቸው፣ በሚቀጥለው ሰዓት ቁም። ሁለተኛው ስልኩ ነው። ጸሎቱን ከስልክ የሚያነብ ሰው መልእክት ሲገባ ይከፍተዋል፣ ሲመለስ የት እንዳቆመ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩን ለማንቂያ ብቻ ተጠቀምበት፣ ጸሎቱን ከወረቀት አንብብ። በድምፅ የተቀዳውን ምግብ እየሠራህ ማዳመጥ መልካም ነው፣ ግን እሱ የቀጂው ጸሎት ነው፤ የአንተን አይተካም።

ከእምዬ በርበሬ አንድ ኪሎ ቀንሰህ ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ያለውን ዳዊት ጨምር፣ እዚህ ለማግኘት ያስቸግራል። አንድ ነጠላ፣ አንድ መቁጠሪያ፣ የ2018 የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ወረቀት። በደረስህ በጥቂት ቀን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ የሥራ ቦታው ምግብ ጾም መሆኑን ስለማያውቅ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ሽሮ አትርሳ።

ቁስቋምን በደህና አንግሡ። አባታችን የሰጡህን ሥርዓት ስትጽፈው ፎቶውን ላክልኝ፤ ፈረቃህን ከሰዓቱ ጋር አስተያይቼ እጠብቅሃለሁ። እምዬን ጉልበቷን፣ አባባን ትከሻቸውን ሳምልኝ።

እህትህ