በኩባያው እጀታ ላይ ያሰርኩት ቀይ ክር

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፍኖተ ሰላም የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሰሞኑን ስለ ጉዲፈቻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መምህራን ክፍል ውስጥ እየተቀባበልን አነበብነው። ስለ ፍርድ ቤቱና ስለ ውሉ በደንብ ተጽፏል። ስለ ልጁ ጤና ግን ከአንዲት መስመር በቀር አላገኘሁም፤ እሷም የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል ብላ ታልፋለች። እኔ ብዕር ያነሳሁት በዚያች መስመር ምክንያት ነው። በቤቴ የደረሰ ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ታናሽ እህቴ ጣሊያን አገር ትኖራለች። ባሏም የኛው ሰው ነው፣ የቡሬ ልጅ። ተጋብተው አሥር ዓመት ሲሞላቸው ልጅ አላገኙም ነበር። መጀመሪያ ያሰቡት ከአገራችን ልጅ ወስደው ለማሳደግ ነው። በ2010 ዓ.ም. ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ ሲቆም፣ እነሱም ዜግነት ቀይረው ስለነበር ሐሳባቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ። ብዙ ከጠበቁ በኋላ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ቬትናም፣ ሐኖይ ድረስ ሄደው ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ ይዘው ተመለሱ።

ከማሳደጊያው የተሰጣቸው የጤና ወረቀት አንድ ገጽ ነው። ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የወሰደው ክትባት፣ ከዚያ በታች ጤነኛ ነው የሚል ቃል። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም ተደርጎለት ነፃ ተብሏል። እህቴ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንዳለቀሰች ነግራኛለች።

እንዳጋጣሚ ያገኘቻት የልጆች ሐኪም ግን ወረቀቱን አይታ፣ «ይቀመጥ፤ እኛ እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለቻት። ምርመራው የተደረገው ልጁ ገና የጥቂት ወራት ሕፃን ሳለ ነው። ይህ ቫይረስ ደግሞ ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ቬትናም ቫይረሱ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። አብዛኛውን ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በወሊድ ወቅት ነው። በዚያ ሰዓት የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኙ ቫይረሱን ይዞት ይቀራል። በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያሸንፈዋል። ሐኪሟ ደሙን ወሰደች። ቫይረሱ ተገኘ።

ሌላውን ምርመራ ባጭሩ ልለፈው። ለሳንባ ነቀርሳም ተመረመረ፤ በሽታው በቬትናምም በኛም አገር ብዙ ነው። ሰገራው ታይቶ ጃርዲያ ተገኘበት፤ በመድኃኒት ጠፋ። ክትባቱ በወረቀት የተሞላውን ያህል በሰውነቱ ላይ ስላልታየ ገሚሱ ተደገመ። የደም ማነሱ ግን ብዙ አንከራተታቸው። የብረት ሽሮፕ ሁለት ወር ወስዶ ለውጥ የለም። ኋላ በልዩ የደም ምርመራ ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ ነገር ቀለል ያለው ዓይነት እንዳለበት ታወቀ። በዚያ በእስያ ክፍል ብዙ ሰው ይዞት ይወለዳል። ቀላሉን የያዘ ሰው ይኖርበታል፤ ብረት ግን አይፈውሰውም። ይህን የማያውቅ ወላጅ ስንት ዓመት ሽሮፕ ሲያጠጣ ይኖር ይሆን?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ልጁ ከወገቡ በታች ሰማያዊ የሚመስል ነጠብጣብ ነበረበት። የሕፃናት ማቆያዋ ሞግዚት ልብሱን ስትቀይር አይታ ተደብድቧል ብላ ደነገጠች። እህቴ በሐኪም አስጽፋ እስክትወስድላት ድረስ አልተረጋጋችም። ይህ ምልክት እኮ በኛም ሕፃናት ላይ አለ! የኔም ትልቋ ልጅ ይዛው ተወልዳ አድጋ ጠፋላት። ልጅ የሚቀበል ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ አይቶ ቢያስመዘግበው ከብዙ ጣጣ ይድናል።

በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ እህቴ ልጇን ይዛ መጣች። እናታችን ያለችው ደምበጫ አካባቢ ነው። ሁላችንም እዚያ ተሰበሰብን። ልጁ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን፣ አማርኛውን ከጣሊያንኛ ጋር የሚያቀላቅል። እማዬ ገና ከመኪና ሲወርድ «የኔ ማር» ብላ አቀፈችው። ከዚያ ወዲህ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ላሟን አልባ ትኩስ ወተት ሰጠችው። ከሰዓት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ሲያለቅስ ዋለ። እማዬ ሰው በዓይኑ በላው ብላ ልቧ ወደቀ። እህቴ ግን ነገሩን ታውቀዋለች። በቬትናም ብዙ ሰው ጡት ከተወ በኋላ ወተት አይስማማውም። ከበሽታ አይቆጠርም። በማግስቱ እርጎ ቀመሰ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ የእማዬ እርጎ የሱ ሆነ።

አሁን ወደ ራሴ ልመጣ። እህቴ ስለ ጉበቱ ለኔ በስልክ ነግራኝ ነበር። ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሁሉም ልጅ ከአንድ መሶብ ይበላል፣ ባገኘው ኩባያ ይጠጣል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእማዬ ሙዳይ ውስጥ ከጥለት የተረፈ ቀይ ክር አወጣሁ። አንዷን ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ መረጥኩ። እጀታዋ ላይ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ቋጠርኩት። ከዚያ ልጁ በዚያች ብቻ እንዲጠጣ አደረግሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ልጆች ግን ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ትንሿ ልጄ ዕቃ ስታነሳ ያቺን ኩባያ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ከሌሎቹ አርቃ ስታስቀምጣት አየኋት።

ልጁ ክሩን ወደደው። ጌጥ መሰለው። ኩባያዋን ከፍ አድርጎ ለእናቱ እያሳየ «የኔ ብቻ ናት!» አላት።

እህቴ ያን ጊዜ ምንም አላለችም። ማታ ልጆች ሲተኙ ግን ምድጃው አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ክሩን ያሰርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሦስት ዓመት ከሱ ጋር በአንድ ማንኪያ በልቻለሁ። አባቱም እንደዚሁ። ልጁን ልናመጣ ስንነሳ ሁለታችንም ተከትበናል። በየጊዜው እንመረመራለን፤ ደማችን ንጹህ ነው።»

«ለልጆቼ ፈርቼ ነው።»

«ከፈራሽ አስመርምሪያቸው። አስከትቢያቸው። ልጄን ግን አትለይብኝ።»

እማዬ መደብ ላይ ጋደም ብላ ትሰማን ኖሯል። ተነስታ ኩባያዋን ፈልጋ አመጣች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና እሳት ውስጥ ጣለችው። በማግስቱ በዚያችው ኩባያ እርጎ ቀድታ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፣ ቀጥላ ለልጁ ሰጠችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባችው። በኛ አገር ድሮ የጡት ልጅ የሚያደርግ ሰው ሽማግሌ አስቀምጦ በማር ነበር የሚያጠባው። እማዬ ሽማግሌ አልጠራችም። ለሷ እኛ በቃናት።

ከፋሲካ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዷን ሲስተር ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። የነገረችኝን ለአንባቢዎቻችሁ እንዳለ ላድርሰው። ይህ ቫይረስ በጉርሻ አይተላለፍም። በአንድ መሶብ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመተቃቀፍ፣ በማሳል አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ነው። ደርቆ የቀረ ደም ላይ እንኳ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ እኛ ኩባያ ስንለይ በአንድ ምላጭ ስንት ሰው ይላጫል? ጥፍር መቁረጫው፣ የጥርስ ብሩሹ፣ ዋግምቱ፣ ጆሮ መብሻው መርፌ፣ የንቅሳቱ እሾህ! ክር መታሰር ካለበት እዚያ ላይ ነበር።

ልጆቼ ክትባቱን በሕፃንነታቸው ወስደዋል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚወስዱት መርፌ ውስጥ የጉበት ቢ መከላከያም አለበት። ካርዳቸው ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። እኛ አዋቂዎቹ ግን አልተከተብንም። ስለዚህ ሁላችንም እንመርመር ተባባልን። እማዬ፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወንድሜ። ጣት ተወግቶ ውጤቱ እዚያው ደረሰ። የሦስታችን ነፃ ሆነ። የወንድሜ ግን ቫይረሱ አለበት ተባለ። ከስድስት ወር በኋላ ተደገመ። አለ።

ወንድሜ ከጎጃም ወጥቶ አያውቅም። ቫይረሱ ከቬትናም አልመጣብንም። ደምበጫ፣ እኛው ቤት ተቀምጦ ኖሯል።

ያን ዕለት አባታችንን አስታወስኩ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ አብጦ፣ እግሩ ሰልሎ ነው ያረፈው። ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው አሉ። ቅጠል ጠጣ፣ ተተኮሰ። ምን እንደገደለው ዛሬ ላውቅ አልችልም። ወንድሜ ግን ውጤቱን ይዞ ሲወጣ መጀመሪያ ያለኝ «አባዬም እንዲህ ነበር እንዴ?» ነው።

እህቴ በስልክ ስትሰማ ወንድሜን አጽናናችው። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት እንደማይጀምር፣ መከታተል ግን ግዴታው እንደሆነ ነገረችው። ጉበቱ የተጎዳ ወይም ቫይረሱ የበዛበት ሰው ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን ይሰጠዋል። ያልተከታተለ ሰው ወደ ጉበት ካንሰር ሊሄድበት ይችላል። ወንድሜ ለጊዜው ክትትል ብቻ ነው የተባለው። ጠላና አረቄ ተወ። ሚስቱም ተመርምራ ክትባቱን ጀመረች።

ክትባቱን ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ለአዋቂ የሚሆነው በአቅራቢያችን ጠፍቶ ከባሕር ዳር ነው የገዛነው። ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ከመጀመሪያው አንድ ወር ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር ቆይቶ ሦስተኛው። ሁለቱን በሰላም ወሰድን። ሦስተኛው ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ወራት አለፉ። ከንቱ ደከምን ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ሲስተሯ፣ «ቢዘገይም ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ የቀረውን ብቻ ጨርሱ» አለችኝ። እንደ እኛ መንገድ የተዘጋበት ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ክቡር አዘጋጅ፣ በዚህ አካባቢ ወላጅ ያጣ ልጅ ከዘመድም ከማሳደጊያም ወስደው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። በተለይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዝተዋል። ውጭ አገር ሆነው ከቬትናምም ከሌላም አገር ልጅ የሚቀበሉ ወገኖችም አሉን። ለሁሉም ጋዜጣችሁ ላይ ሐኪም ጋብዛችሁ በዝርዝር ብታጽፉላቸው እለምናለሁ። ልጁ ሳይመጣ የቤቱ ሰው ይከተብ። ልጁ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታይ፤ ከስድስት ወር በኋላም ይደገም። ከማሳደጊያ የሚመጣ ልጅ ቁመቱ ቢያጥር፣ ንግግሩ ቢዘገይ ጊዜ ይሰጠው። የእህቴ ልጅ ሲመጣ በሁለት ዓመቱ ገና ሦስት እርምጃ ይራመድ ነበር። በዓመቱ ደረጃ ለደረጃ ሲሮጥ የሚይዘው አልተገኘም።

ምርመራ ሲባልም ልጁን ለመምረጥ ወይም ለመመለስ ነው ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር። እህቴ ውጤቱን በሰማች ዕለት ያደረገችው ነገር ቢኖር የሚቀጥለውን ቀጠሮ መያዝ ነው። ልጁ በየስድስት ወሩ ለምርመራ ደም ይሰጣል። መርፌ አይወድም። ግን ለምዶታል።

አሁን ወንድሜና እሱ ቀጠሯቸውን በተቀራራቢ ወር አድርገውታል። ኔትወርክ ሲኖር ይደዋወላሉ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ድምፅ አውጥተን ስናዋራው፣ ገና ሰላም ሳይል፣ «አጎቴ፣ ደም ሰጠህ? አለቀስክ?» አለው። ወንድሜ «ትንሽ» አለው። «እኔ አላለቀስኩም» አለና ስልኩን ለእማዬ ስጧት አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም