ከኦሳካ የተላከ የዘገየ ደብዳቤ

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጻፍኩልሽ ሁለት ዓመት አለፈ። ለምን እንደጠፋሁ ሳልነግርሽ ይህን ደብዳቤ አልዘጋም። ግን ብዕር ያስነሳኝ ያለፈው እሑድ እራት ነውና ከእሱ ልጀምር።

ክፍሉን ያከራዩኝ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ታኅሣሥ ላይ ሱኪያኪ እንብላ ብለው ጠሩኝ። ሱኪያኪ ጠረጴዛ ላይ እየበሰለ የሚበላ የሥጋ ድስት ነው፤ እዚህ አገር የክት ምግብ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወይም የሚወዱት እንግዳ ሲመጣ ነው ድስቱ የሚወጣው። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነበርኩ። እስከ ገና ሥጋም እንቁላልም እንደማልቀምስ በምችለው ጃፓንኛ ስነግራቸው የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው ቀኑን አሳዪኝ አሉ፤ ጃንዋሪ 7ን በእርሳስ ከበቡበት። ጠበቁኝ እኮ!

ጠረጴዛው መሀል ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በላዩ ዝርግ የብረት ድስት። በአንድ ትሪ ላይ ሥጋው ተደርድሯል፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ስቡ በቀዩ መሀል እንደ ነጭ ክር የተጠላለፈ። በሌላው ባሮ ሽንኩርት፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ የተጠበሰ፣ ሺታኬ የሚሉት እንጉዳይ፣ ሹንጊኩ የሚባል መረር ያለ ቅጠል። እማማ ቁራጭ ሞራ በቾፕስቲክ ይዘው የጋለውን ድስት አሹት፤ ቤቱ ወዲያው በመዓዛው ተሞላ። አንድ ሥጋ ዘረጉ፣ ስኳር ነሰነሱበት፣ ሶያ ሶስ ጠብ አደረጉበት። ተንቸሰቸሰ። ገና ቀላ እንዳለ አንስተው እኔ ሳህን ውስጥ፣ የተመታው ጥሬ እንቁላል ላይ አስቀመጡልኝ።

እንቁላሉን ፈርቼው ነበር። እዚህ ግን ጥሬውን እንዲበላ ታስቦ ነው የሚዘጋጀው፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ቀንም ጥሬውን እስከ መቼ መብላት እንደሚቻል ነው የሚናገረው። እየነከርሽ ስትበዪው የሥጋውን ትኩሳት ያበርደዋል፣ የስኳሩንና የሶሱንም ጉልበት ያለዝበዋል። የመጀመሪያዋ ጉርሻ አፌ ውስጥ ሟሟች።

እንዲህ ሥጋውን አስቀድሞ መጥበስ የኦሳካና የአካባቢው ወግ ነው። ቶኪዮ ላይ ዋሪሺታ የሚሉትን ጣፋጭ መረቅ መጀመሪያ አፍልተው ሥጋውን እዚያ ውስጥ ያበስሉታል። እማማ የቶኪዮውን ቅቅል ነው ይሉታል፤ እኔም ከቀመስኩት ወዲህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ድስቱን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። እንዲህ ያለውን ሰው ጃፓኖች ናቤ ቡግዮ ይሉታል፤ የድስት ሹም እንደ ማለት ነው።

ለካ እነሱም ከሥጋ ጋር ረጅም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ ከዓመቱ አራተኛ ወር እስከ ዘጠነኛው ድረስ የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አውጀው ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የከብት ሥጋ በአደባባይ የሚበላ ነገር አልነበረም። በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መብላታቸው ሲሰማ ነው ሰዉ በግልጽ የደፈረው። ዮኮሃማና ቶኪዮ ውስጥ ጊዩናቤ የሚባል የሥጋ ድስት የሚሸጡ ቤቶች በዙ፤ የዛሬው ሱኪያኪ የዚያ ዘመድ ነው። ይህን ስሰማ ጾም እስኪፈታ የጠበቁኝ ሴትዮ ይበልጥ ቀረቡኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። መብላት ሳንጀምር እማማ ከሩዙ በትንሽ ጽዋ ጨልፈው ተነሡ፤ በሳሎኑ ጥግ ባለው የጸሎት መሠዊያ፣ በሟች ባለቤታቸው ፎቶ ፊት አኖሩት። እጃቸውን ገጥመው ጥቂት ቆዩ። እኔ ያየሁት ግን እናትሽን ነው። ለፋሲካ ጠዋት ከሰሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጥብሱን ከብረት ምጣዱ እያነሡ «ሳይቀዘቅዝ!» እያሉ አንቺንና እኔን በየተራ ሲያጎርሱን። ራሳቸው እኛ ሳንጠግብ ቀምሰው አያውቁም።

ማረፋቸውን በሰማሁ ቀን ስልኬን አንስቼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ወር ሲያልፍ በምን አፌ አልኩ። ለቅሶ ሳልደርስሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እንኳ ሳልልሽ ሁለት ዓመት ሆነ። የእጃቸውን ጉርሻ የበላሁ ልጅ! ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

መጨረሻ ላይ እማማ ቀሪው መረቅ ውስጥ ኡዶን የሚሉትን ወፍራም ፓስታ ጨምረው ድስቱን አሟጠጥነው። ስለ እናትሽ ነገርኳቸው፤ ስማቸውን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፣ በጃፓን አፍ ሦስት ጊዜ ሞክረው ጠሩት።

እሑድ በእናንተ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ካላነሳሽ በሚቀጥለው እሑድም እደውላለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ