የገና ፎቶ በቤት ውስጥ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ታኅሣሥ 29 በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ሁሉ ሶፋ ላይ ደርድሮ ፎቶ የመነሣት ልማዳችን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ምስል ከማትረፍ በቀር ስለ በዓሉ የሚነግረን ነገር እምብዛም ስለሆነ፣ ጥቂት ሐሳብ ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

ከሁሉ የሚሻለው የቡናው ሰዓት ነው። ቡና የምታፈላው እናት መስኮት አጠገብ ብትቀመጥና አንሺው መስኮቱን በጎኑ አድርጎ ቢያነሣ፣ ብርሃኑ ፊቷን በለሰለሰ ሁኔታ ይገልጠዋል፤ የዕጣኑም ጢስ ከበስተኋላው ጠቆር ያለ መጋረጃ ካለ ጎልቶ ይታያል። የስልኩን ፍላሽ ግን ማጥፋት ይገባል፤ ነጩን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ አንጸባርቆ የጥለቱን ቀለም ያደበዝዘዋልና።

ልጆቹንም «ሳቁ» እያሉ ከማስጨነቅ፣ ቄጠማ ሲጎዘጉዙ ወይም ግቢ ውስጥ ገና ሲጫወቱ ማንሣት ይበልጣል። (በእኛ ቤት ማንም ያልተቆጣበት ፎቶ ድፎ ዳቦው ሲቆረስ የተነሣው ብቻ ነው።) ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስደግፎ የ10 ሰከንድ መቁጠሪያውን መጠቀም ደግሞ፣ ሁልጊዜ ከምስሉ ውጭ የሚቀረውን አንሺውንም ከቤተሰቡ ጋር ያስገባዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ