ለደም ሰጪው አንድ ጥያቄ ጨምሩ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ይድረስ ለኢትዮጵያ ደምና ህብረ ህዋስ ባንክ አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ስቴም ሴል (ሌሎች ህዋሳት ስለሚገኙበት መነሻ ህዋስ) ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ ስለ ነገ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ያደገ የአይጥ ህዋስን ወደ መነሻው መመለሱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳየ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ ሽባ ይነሳል፣ ዓይነ ስውር ያያል ይባላል። ተስፋው ደስ ይላል፤ ግን አብዛኛው ገና ሙከራ ላይ ነው። በስሙ መርፌ የሚቸበችቡ ክሊኒኮች መች ሙከራው እስኪያልቅ ጠበቁ!

የእኔ ጉዳይ የዛሬው ነው። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ራሱ የስቴም ሴል ሕክምና ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 ከጀመረው ወዲህ ብዙ የደም ካንሰር ታማሚዎችን አድኗል። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ሰው ነው። ያውም የህብረ ህዋሱ ዓይነት ከታማሚው ጋር የሚገጥም ሰው።

አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ካልሆነ ፍለጋው ወደ ዓለም አቀፉ የመቅኔ ሰጪዎች መዝገብ ይሄዳል። እዚያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈቃደኞች አሉ፤ አፍሪካውያን ግን ጥቂት ናቸው። የህብረ ህዋስ ዓይነት ደግሞ በዘር የሚወረስ ነው። በአሜሪካው መዝገብ ነጭ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ሰጪ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁሩ 29 በመቶ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆስፒታል ለተኛ ወገናችን የሚገጥመው ሰው ምናልባት ጎንደር ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ይሆናል። ህዋሱ በቀዝቃዛ ሳጥን ሆኖ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ሰውየው የት እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም።

እናንተ ዘንድ በየቀኑ ወጣቶች ደም ሊሰጡ ይመጣሉ። እግረ መንገዳቸውን «ለመቅኔስ ትመዘገባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ለምዝገባ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ይበቃል። ብዙ ሰው «አከርካሪዬን ሊበሱኝ ነው» ብሎ ይፈራል። አይደለም። ዛሬ በአብዛኛው የሚወሰደው ከክንድ ደም ሥር ነው፤ ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት ህዋሱን ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ ይሰጣል። ከአጥንት ከተወሰደም ከዳሌ ነው፣ በማደንዘዣ።

ምርመራው ውድ መሆኑ አይጠፋኝም። በትንሹ ጀምሩት። ለወጪው ዳያስፖራውን ጠይቁ፤ ጉዳዩ የራሱም ነው።

ይህ በዕቅዳችሁ ውስጥ አለ ወይስ የለም? መልሱን በይፋ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ደም ሰጪ