ለእማዬ፣ ስለ አንድ ፊልም

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው ብሎኛል ወንድሜ። እኛ ደህና ነን፣ ከብርዱ በቀር።

ባለፈው በስልክ «ፊልም ውሸት ነው፣ ዘፈን ግን የሰው ጉዳይ ያውቃል» ብለሽ አስቀሽኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት መሰለኝ። በዛወርቅ አስፋው ትዝታን ስትዘፍን «የኔን ነገር ማን ነገራት?» ትያለሽ። ጎረቤታችንም እንደዚያው ትላለች። የሁለታችሁ ጉዳይ ግን ለየቅል ነው! ትዝታ እኮ የሚናፈቀውን ሰው ስም አይጠራም። ዘፋኙ ከድሮ ግጥሞች እየመረጠ፣ የራሱንም እየጨመረ ይዘፍነዋል። ማህሙድ አህመድ ሲለው ሌላ፣ በዛወርቅ ስትለው ሌላ። ቅኝቱ ግን ያው ነው፤ ክራሩ ገና ሲነካ ሆድ ይባባል። ቦታውን ክፍት ስለሚተውልሽ ያንቺን ሰው ታስገቢበታለሽ።

ፊልም ፊቱንም ቤቱንም ያሳይሻል። «ይሄማ እኔን አይመለከትም» ለማለት ይመቻል። ለዚህ ይሆናል የማትወጂው።

እኔ ግን «ጤዛ»ን አየሁ። የሠራው ኃይሌ ገሪማ ነው፣ የጎንደር ልጅ። እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ሲኒማ አስተምሯል። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባል መጻሕፍት ቤት አለው፤ ቡናም ይሸጥበታል፣ ያንቺን ባያህልም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በዓመቱ ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ ተሸልሟል። ሽልማቱን ተይው። ጀርመን አገር የተማረ ሰው በደርግ መጨረሻ ዓመታት እናቱ ዘንድ ይመለሳል። መንደሩ ጣና ዳር ነው። ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ። ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

እዚያ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ስለ ታላቅ ወንድምሽ የማውቀው «በአፈሳ ሄደ» የምትይውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ልጆቹን ሳይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜውን አሰብኩ። ጢም አብቅሎ ነበር? ሮጦ ነበር? አንቺስ የት ነበርሽ? ትዝታ ሲዘፈን ዓይንሽ እንባ እንደሚያቀር ከልጅነቴ አውቃለሁ። ምናልባት እሱ ይሆን ብዬ የጠረጠርኩት ግን ያን ፊልም ሳይ ነው።

ወንድሜ እንዲከፍትልሽ ነግሬዋለሁ። 140 ደቂቃ ስለሆነ ለሁለት ቀን ክፈሉት። ታሪኩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይመላለሳል፤ መጀመሪያ ላይ ግራ ቢገባሽ አይግረምሽ። የሚከብድ ቦታም አለው። ካልፈለግሽ አጥፊው፣ አልቀየምም። ከፈለግሽ ግን እሁድ ስደውል ስለ ወንድምሽ አጫውቺኝ። ከሄደበት ቀን አትጀምሪ። መልኩ ማንን ይመስል እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር ንገሪኝ።

ልጅሽ