ቤሲን ላስተዋውቅሽ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እማማስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ዘመን የለውም። የእኔን ኑሮ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ሴት ካልነገርኩሽ እንቅልፍም አይወስደኝ።

በቅርቡ ከግላስጎው ተነስቼ፣ በመርከብ ተሻግሬ አይላ የምትባል የስኮትላንድ ደሴት ሄጄ ነበር። ላፍሮይግ የሚባለው ውስኪ የሚወጣው እዚያ ነው። ጆንስተን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በነሱ አቆጣጠር በ1815 ያቋቋሙት ነው። ባሕሩ ከደጁ ላይ ነው።

ብቅል ቤቱ ስገባ እማማ ትዝ አሉኝ። የራሰው ገብስ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይበቅላል፣ እንዳይያያዝ ይገላበጣል። አብዛኛውን ብቅል ገዝተው ነው የሚያመጡት፤ የተወሰነውን ግን አሁንም ራሳቸው ያበቅላሉ። ከዚያ በፒት ጢስ ያጥኑታል። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ብስባሽ ተክል ነው፤ ቆርጠው አድርቀው ያነዱታል። ጋን በወይራ ሲታጠን ጠላው ላይ የሚቀረውን ጣዕም ታውቂው የለ? እሱን አብዝተሽ አስቢው፣ አዮዲንም ጨምሪበት። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን እንኳ በመድኃኒት ስም ይገባ ነበር ይባላል። ያን ሽታ ያሸተተ ሰው አይጠራጠርም።

አሁን ወደ ቤሲ ዊሊያምሰን ልምጣ። ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተምራ የጨረሰች ልጅ ናት። በ1934 ለአንድ ክረምት ብቻ በጸሐፊነት ተቀጥራ መጣች። በዚያው ቀረች! የፋብሪካው ባለቤት ኢያን ሃንተር ከጆንስተን ዘር የመጨረሻው ነበር፤ ልጅ አልነበረውም። የሙያውን ምስጢር እጅግ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሲታመም ሥራውን ለእሷ ተወላት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው የወታደር መጋዘን ሲሆን የጠበቀችው እሷ ናት። በ1954 ሲሞት ፋብሪካውን አወረሳት።

እኛ አገር አረቄ ማውጣት የሴት ሙያ ነው፤ ማንም አይገርመውም። እዚያ ግን የወንዶች ዓለም ነበር። እሷ እስከ 1972 ድረስ መራችው። ፋብሪካውን ለማደስ ገንዘብ ሲያስፈልግ ድርሻዋን ቀስ በቀስ ለትልቅ ኩባንያ ሸጠች፤ አንዳንዱ በዚህ ይወቅሳታል። እኔ ግን አልወቅሳትም። ሠራተኞቹ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ያደረገችው ይመስለኛል።

መቅመስ ካማረሽ ከባለ 10 ዓመቱ ጀምሪ። ቦርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት በርሜል ነው የሚያረጀው፤ ከጢሱ ሥር ትንሽ ጣፋጭነት ታገኚበታለሽ። ኳርተር ካስክ የሚሉት መጨረሻ ላይ ወደ ትንንሽ በርሜል ይገለበጣል፤ እንጨቱ ቶሎ ስለሚገባበት ወፈር ይላል። አልኮሉ 48 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ውኃ ጠብ አድርጊበት። እኔ የወደድኩት እሱን ነው።

አድራሻሽ ያው የድሮው ከሆነ በቶሎ ጻፊልኝ። አንድ ጠርሙስ የሚያደርስልኝ ሰው አግኝቻለሁ።

የአንቺው ናፋቂ