የኦቦክ ጉዟችን በክረምት ለምን እንደቀረ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው የኦቦክ ከተማ እንደማንጓዝ ካሳወቅን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። «ልጆች የሚያርፉት ያኔ፣ እኛም ከዝናቡ ሸሽተን ባሕር ማየት የምንፈልገው ያኔ» ብላችሁናል። እውነታችሁን ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በዝርዝር ልንነግራችሁ ይገባል።

በእነዚያ ወራት በጅቡቲ ዳርቻ ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ይነፍሳል። ከምድረ በዳው አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ሲሆን ፊት ይጋረፋል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዓምና ሰኔ ላይ የወሰድናቸው እንግዶች ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ዘግተው ተቀመጡ። ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ ጀልባቸውን ወደ ደረቁ ጎትተው አውጥተው ነበር። ወቅቱን እያወቅን መውሰዳችን ጥፋታችን ነው፤ አይደገምም።

ጉዞው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ይሆናል። አየሩ ያኔ ደህና ነው። እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ከዓሣ ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

ከጅቡቲ ከተማ ኦቦክ የሚደረሰው ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ተሻግሮ ወይም በመኪና ዞሮ ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው ይቀራል፤ በፕሮግራሙ ላይ አንድ ባዶ ቀን የተውነውም ለዚሁ ነው። በመኪና ስንዞር ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለውን አሳል ሐይቅን እናያለን፣ ታጁራም እናድራለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1885 እና 1886 ለምኒልክ የሚሸጠውን መሣሪያ ይዞ ወራት የጠበቀው በዚችው ታጁራ ነበር።

ኦቦክ ላይ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ዳርቻው ላይ ብትገኙ ደስ ይለናል። ሰዎቹ በትከሻቸው እየገፉ ጀልባዋን ያወጣሉ፤ ቱናው በጅራቱ ተይዞ አሸዋው ላይ ሲጋደም ጎኑ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ጥቂት ቆይታችሁ ብታዩት ያ ቀለም ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል።

አብዛኛው የአካባቢው ሰው አፋር ነው፤ ቋንቋውም በአገራችን አፋር የሚነገረው ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ይቀድማል፦ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። እባካችሁ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተጨዋወቱ።

ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ አለ። ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ የተከሉ የማንግሮቭ ዛፎች ዳርቻውን ሸፍነውታል፤ የዓሣ ጫጩት የሚያድገው በእነዚያ ሥሮች መካከል ነው። ይህን ስንነግራችሁ ሌላውንም መደበቅ አንችልም። ወገኖቻችን ወደ የመን የሚሻገሩት ከዚሁ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤፕሪል ወር ብቻ በጎዶሪያ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። በመንገዱ ላይ በእግር የሚጓዙ ወጣቶች ታዩ ይሆናል። መኪናችን ለእነሱ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ፎቶ ግን አታንሷቸው፤ ይህን አጥብቀን እንለምናለን።

ለክረምቱ ጉዞ የከፈላችሁ ሌላ ቀን ልትመርጡ ወይም ሙሉ ገንዘባችሁን ልትወስዱ ትችላላችሁ፤ ምክንያት አንጠይቅም። ኦቦክ ላይ በካርድ ለመክፈል አትተማመኑ፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከጅቡቲ ከተማ ይዛችሁ ውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ክፍሉ ባልደረቦች